ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 በጎጃም መንገድ፤ ውዷን ሸጦ ርካሿን የገዛ ሰው ምን አገኘ

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ደምበጫ ላይ ቡና ለመጠጣት ቆመን ነበር። የአጎቴ ልጅ የሚነዳት መኪና ጣሪያዋ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራች ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ናት። ከቡና ቤቱ ደጃፍ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ አንድ አባት ተነሥተው መኪናዋን ዞረው አዩ፤ በሯን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ገንዘብ ካወጣህ አይቀር ትንሽ ጨምረህ ደኅናውን አትገዛም ነበር?» ሲሉ ጠየቁት። እርሱም «አባቴ፣ ደኅናውንማ ነድቸው ነበር፤ እሱን ሸጨ ነው ይችን የገዛሁ» አላቸው። አላመኑትም። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ በሙሉ ልቤ አላመንሁትም ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ መኪናዋን እኔ ራሴ ከዓመት በላይ ደጋግሜ ነድቻታለሁ። ባለቤቷ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ቁልፏ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ስለነበር፣ በበጋም በክረምትም፣ ከባሕር ዳር ሰፋፊ ጎዳናዎች እስከ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ድረስ ጠባይዋን በእጄና በእግሬ ለይቻለሁ። ይህን ስጽፍ ልመልሰው የምፈልገው የደምበጫውን አባት ጥያቄ ነው፦ አቅም ያለው ሰው፣ ያውም ውዷን ገዝቶ ያያት ሰው፣ ስለ ምን ወደ ርካሿ ይመለሳል?

የመልሱ ሥር መኪናዋ ከተፀነሰችበት ሐሳብ ዘንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንግሊዞች ትንንሽ፣ ቀላል፣ ጣሪያቸው የሚገለጥ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪኖችን በብዛት ይሠሩ ነበር፤ ኤም ጂ፣ ትራያምፍና ሎተስ የሚባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። 1980ዎቹ ሲገቡ ግን እነዚያ መኪኖች ከገበያው ወጥተው ነበር። ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ለማዝዳ ከፍተኛ መሐንዲስና ኋላም የኩባንያው መሪ ለሆኑት ለኬኒቺ ያማሞቶ፣ ያንን ዓይነት ቀላል መኪና በጃፓን ጥንካሬ ቢሠሩት ገዥ እንደማያጣ ነገራቸው። ሐሳቡ ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ አካል ለብሶ ታየ። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ 531,890 መሠራቷን ቈጥሮ በዓለም ላይ ከባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪኖች ሁሉ በብዛት የተሸጠች ብሎ መዘገባት፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛዋ ከሂሮሺማ ፋብሪካ ወጣች። ይህን ያህል ሰው ለዓመታት አንድ ነገር ሲመርጥ ምክንያቱ የኪስ ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ውዷ የምላት ማንን እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። የአጎቴ ልጅ ጀርመን ሲኖር አራት ዓመት የነዳትን መኪና ስሟን አልጠራትም፤ ከእርሷ ጋር የነበረው ጣጣ የእርሱና የእርሷ ነው። ለንጽጽር የሚሆነኝን ግን በይፋ ከታወቀው ከፖርሸ ቦክስተር እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና ሲነሣ «ትንሽ ጨምሮ» የሚለው ሰው ሁሉ ልቡ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነው። ቢ ኤም ደብልዩ ዜድ 3 እና መርሴዲስ ኤስ ኤል ኬም በዚያው ዘመን የወጡ ናቸው፤ የመርሴዲሷ የብረት ጣሪያ ራሱን አጣጥፎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መግባቱ በጊዜው ጉድ አሰኝቷል። ቢሆንም መለኪያዋ ቦክስተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ስትወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የ2.5 ሊትር ሞተር፣ 204 የፈረስ ጉልበትና 1,250 ኪሎ ግራም ክብደት ነበራት፤ አሜሪካ ውስጥም ወደ 40,000 ዶላር ትሸጥ ነበር። የእኛዋ ማዝዳ ባለ አራት ሲሊንደር የ1.6 ሊትር ሞተር፣ 110 የፈረስ ጉልበትና 1,035 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት አላት። በወረቀት ላይ ፉክክሩ አያምርም። ቦክስተር ከቆመችበት ተነሥታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 7 ሰከንድ አይሞላባትም፤ ማዝዳዋ 10 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የምትደርሰው።

እንግዲህ ይህን ወረቀት ይዘን ደብረ ማርቆስ እንውጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፤ ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ነው። በዚህ ስሌት የማዝዳዋ 110 ፈረስ ባሕር ዳር ላይ ወደ 90፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 85 ይወርዳል። የቦክስተርም በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ግን የእርሷ ከወረደ በኋላም ከ150 በላይ ይቀራል። ታዲያ ይህን የቀረውን ሁሉ የት ታወጣዋለች? ከከተማ ውጭ ለትንንሽ መኪኖች የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ላይ ጋሪው፣ አህያው፣ ከግጦሽ የሚመለሰው ከብት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ መንገዱን ይጋራል። ማዝዳዋን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየለዋወጡ፣ ሞተሯን እስከ ላይ እያስጮኹ መንዳት ይቻላል፤ ፍጥነቱም ሰውን የሚያስደነግጥ ደረጃ ላይ አይደርስም። የውዷን ጉልበት ለመቅመስ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለተኛ ማርሽን ሳይጨርስ ሕግ ይተላለፋል። የተከፈለበት ጉልበት ሳይነካ ጋራዥ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዓባይ በረሃን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል የሚወጣ ነው። ከታች የሚገኘው የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የከባድ መኪኖች የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ጣሪያ ባለው መኪና ውስጥ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጣሪያው በተገለጠ መኪና ግን ከመታጠፊያው ወዲያ የሚንፏቀቀውን ተሳቢ ሳላየው በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ማዝዳዋን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሲጠብም በሁለተኛ ይዤ ስወርድ ሞተሯ ራሱ ይይዛታል። ክብደቷ አንድ ቶን ስለሆነ ፍሬኗ የሚሸከመው ሸክም ትንሽ ነው፤ ታች ድልድዩ ላይ ደርሼ ስቆም ፔዳሉ እንደ መነሻው ጠንካራ ነበር። አቀበቱን ስንወጣ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሁለት ሰው ይዛ፣ በበረሃው ሙቀት፣ በሦስተኛ ማርሽ ትደክማለች። ከኋላችን የመጣ አዲስ ፒክ አፕ ሁለት ጊዜ አልፎናል። የአጎቴ ልጅ አልተቈጨም። መታጠፊያዎቹን ከእርሱ ይልቅ እኛ ነን የተደሰትንባቸው፤ ፒክ አፑ በየመታጠፊያው እየተንጋደደ ፍሬን ሲይዝ እኛ መሪውን ትንሽ ዘንበል አድርገን እናልፍ ነበር።

ስለ መሪዋ ለመናገር ወደ እንጅባራ መሄድ ይኖርብኛል። በዚያው የጥር ጉዞ፣ በ22 ማታ እንጅባራ አድረን በማግሥቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ዓመታዊ በዓል አየን። ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሚከበረውን ይህን በዓል ያየ ሰው ይረዳኛል፤ ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጠው፣ ፈረሰኞቹ ዘንግ ይዘው ሲጋልቡ ሰፊው ሜዳ በአቧራና በጭብጨባ ይሞላል። እኔ ዓይኔን የሳበው ግን ጩኸቱ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ልጓሙን በሁለት ጣታቸው ብቻ ይዘው፣ በጉልበታቸው ጫን ሲሉ ፈረሱ ይዞራል፤ ላላ ሲያደርጉት ይቆማል። ከፈረሱና ከሰውየው ማን ቀድሞ እንዳሰበ አይለይም ነበር። ማዝዳን የሠሩት ጃፓኖች ገና ከመነሻው «ጂንባ ኢታይ» የሚል ቃል ይዘው እንደ ተነሡ አውቅ ነበር፤ ትርጓሜው ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ቃሉን ሳነበው የሽያጭ ንግግር ይመስለኝ ነበር። እንጅባራ ሜዳ ዳር ቆሜ፣ መኪናዋ ከኋላዬ ቆማ፣ ቃሉ ገባኝ።

ይህ ስሜት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ብረቱ ውስጥ ምክንያት አለው። ሞተሩ ከፊት አክሰል ወደ ኋላ ገባ ብሎ በቁመቱ ተተክሏል፤ ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነው፤ ሹፌሩ ሲቀመጥ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል በእኩል ይከፈላል። ካምቢዮውንና የኋላውን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም አካል ስላለ፣ ነዳጅ ሲረገጥ በመሐል የሚላላ ነገር የለም፤ እግር ያዘዘውን ጎማው ወዲያው ይፈጽማል። አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው በላይና በታች ክንድ የተያዙ ስለሆኑ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይረበሽም። የማርሽ ዘንጉ አጭር ነው፤ ከእጅ አንጓ በላይ ክንድ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ ነገር የለም። ክብደት ባለመጨመር የተገኘ ነው፤ ክብደት ባለመጨመር የተገኘን ነገር ደግሞ በገንዘብ ማሻሻል አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ሲጨመር ሰፊ ጎማ፣ ትልቅ ሞተር፣ ኤሌክትሪክ መቀመጫ፣ ራሱን የሚከፍት ጣሪያ እየተጨመረ መኪናው ይከብዳል።

የጣሪያውን ነገር ካነሣሁ አይቀር፤ የቦክስተር ጣሪያ በቁልፍ ታዝዞ በ12 ሰከንድ ይከፈታል። የማዝዳዋ ከንፋስ መስተዋቱ በላይ ያሉትን ሁለት መያዣዎች በእጅ ፈትቶ ወደ ኋላ መጣል ነው፤ ለምዶት የነበረው የአጎቴ ልጅ ቀይ መብራት ላይ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ በአንድ እጁ ይዘጋው ነበር። ሞተር የለውም፤ ፓምፕ የለውም፤ የሚበላሽም የለውም።

ወደ ሀገር ስለማስገባቱ ደግሞ እንነጋገር፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ርካሽና ውድ የሚለያዩት ፋብሪካ በር ላይ ሳይሆን ጉምሩክ በር ላይ ነው። መኪናዋ በ2008 ዓ.ም. ስትገባ ይሠራበት የነበረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ነበር። በዚያ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ (የሞተር መጠን ነው፤ 1,000 ሲሲ አንድ ሊትር ይሆናል) 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ደግሞ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፈል ነበር። የጉምሩክ ቀረጡ 35፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15፣ ሱር ታክሱ 10 በመቶ ነበር፤ እያንዳንዱም ከበፊቱ ድምር ላይ ይሰላ ነበር። መጓጓዣና ኢንሹራንስን ጨምሮ 100 ብር የሚያወጣ መኪና በ60 በመቶው እርከን 273 ብር ከ24 ሳንቲም ይሆን ነበር፤ በ100 በመቶው እርከን ግን 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይደርስ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሲገዛ ከፊቱ ሁለት ማዝዳዎች ነበሩ፤ አንዷ የ1.8፣ ሌላዋ የ1.6 ሊትር ሞተር ያላቸው። የ1.8ቷ ሞተር በትክክል ሲለካ 1,839 ሲሲ ነው። በ39 ሲሲ ብቻ ወደ ላይኛው እርከን ትገባ ነበር። ቦክስተርማ 2.5 ሊትር ይዛ፣ ከዚያው ከባድ እርከን ላይ፣ ያውም ከብዙ እጥፍ መነሻ ዋጋ ጋር ትሰላ ነበር። በውጭ ሀገር ሦስት እጥፍ የነበረው ልዩነት እዚህ ሲደርስ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከገባች በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ይሠራታል የሚል ነው። ባሕር ዳር ያለው ሜካኒካችን ኮፈኗን መጀመሪያ ሲከፍት ዝም ብሎ አየና «እጅ ይገባል» አለ። ከሜካኒክ አፍ የሚወጣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም። ሞተሯ የማዝዳ 323 የቤት መኪናዎች ከሚነዱበት የሞተር ቤተሰብ የወጣ ነው፤ አራት ካንዴላ፣ አንድ የታይሚንግ ቺንጊያ፣ ከፊት ሆኖ የሚታይ ራዲያተር። ቺንጊያው በየ90,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ የእኛዋ በአንድ ቀን ተቀይሮላት ማታ ወደ ቤት ተመልሳለች። ያንን ቺንጊያና የውሃ ፓምፑን ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን መጣ፤ ሌላውን ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ፈላልገን አገኘን። ጎማዋ 14 ኢንች ስለሆነ ጎሚስታው ዘንድ አልተጉላላንም። ቦክስተር ላይ ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ ከኋላ አክሰል ፊት ስለሚቀመጥ የትኛውም ኮፈን ቢከፈት አይታይም፤ ዘይትና ውሃ የሚጨመርበት አፍ ብቻ ነው ከኋላ ዕቃ መጫኛው የሚገኘው፤ ለሌላው ሥራ መኪናዋን ከፍ አድርጎ ከሥር መግባት ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ ጎማዎቿም ልካቸው ይለያያል። የመጀመሪያዎቹ ቦክስተሮች ሞተር ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ከተበላሸ ሞተሩን ይዞ እንደሚሄድ በዓለም ዙሪያ በባለቤቶቿ ዘንድ የታወቀ ነው። በመኪናዋ ላይ ክፉ ለመናገር አይደለም፤ እጅግ ድንቅ መኪና ናት። ነገር ግን ከሠሪዎቿ ወርክሾፕ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚነዳት ሰው፣ አንድ ኩሽኔታ ከመኪናው ዋጋ እኩል ሊያስከፍለው እንደሚችል እያወቀ የሚነዳት ነገር ትሆናለች።

ይህ «እያወቀ መንዳት» የሚለው ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። የአጎቴ ልጅ ጀርመን ሳለ የነበረችውን ውድ መኪና ሲያወራልኝ የሚያነሣው ፍጥነቷን አልነበረም። ምግብ ቤት ሲገባ የሚመርጠው ወንበር መኪናዋ በመስኮት የምትታይበትን እንደነበረ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ባቡር ይዞ እንደሚሄድ፣ ከጎኑ የቆመ መኪና በር ሲከፈት ልቡ እንደሚደነግጥ ነበር የሚነግረኝ። አራት ዓመት ይዟት 20,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አልነዳትም። ማዝዳዋን ባሕር ዳር በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ በላይ ነድቷታል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ፣ በባሕር ዳር ማታ የጣና ንፋስ እየነካው፣ ከቲሊሊ ወዲያ በዝንገና ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ጭስ እየሸተተው ነድቷታል። ለጎረቤት ልጅ ሠርግም አበድሯታል። መቀመጫዋ ሁለት በመሆኑ ሹፌር የሚቀመጥበት ስላልነበረ ሙሽራው ራሱ ሙሽራይቱን ይዞ ነዳ፤ ሚዜዎቹ በሌላ መኪና ከኋላ ተከተሉ። የጀርመኗን መኪና ለማንም ሙሽራ አበድር ነበር ወይ ብየ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ አሰበ። «ለእናቴም አላበድራትም ነበር» አለ፤ ሲናገረው ደስ አላለውም።

ጉድለቶቿን ሳልናገር ብቀር ግምገማው ሚዛን ያጣል፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። ከሁሉ የሚከብደው ሁለት መቀመጫ ብቻ መሆኗ ነው። በእኛ ሀገር መንገድ ላይ ዘመድ አግኝቶ አላሳፍርህም ማለት ያሳፍራል፤ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ሲያስቆሙን፣ ቦታ እንደሌለ እያየን ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ያለፍንበት ቀን አለ። የዕቃ መጫኛዋ 150 ሊትር አይሞላም፤ ሁለት መለስተኛ ቦርሳ ይይዛል፤ ከመራዊ ገበያ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ለመጫን ስንሞክር ክዳኗ አልዘጋ ብሎን ጤፉ በአውቶብስ መጣ። ሆዷ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ የመንደር መግቢያ ጉብታዎችን በአንደኛ ማርሽ፣ ሰያፍ አድርጎ ማለፍ ያስፈልጋል። አይሱዙ አጠገብ ስትቆም ሹፌሩ ከላይ ሆኖ አያያትም፤ ስለዚህ ከጭነት መኪና ጎን ለጎን መሄድን ፈጽሞ ትቻለሁ። የአቧራ መንገድ ላይ ደግሞ ጣሪያዋ ቢዘጋም አቧራው በስፌቱ ይገባል።

ክረምትን የሚፈራ ሰው ደግሞ ትክክል ነው። የጎጃም ዝናብ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ የሚጥለው ቀልድ የለውም። የሸራ ጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ውሃ አያስገባም፤ ግን ጣሪያው ላይ የወረደው ውሃ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቱቦዎች አልፎ ከመኪናዋ ሥር እንዲፈስ ነው የተሠራው። እኛ ከባሕር ዛፍ ሥር ስናቆማት ከርመን ቱቦዎቹ በቅጠል ተደፈኑ፤ በሐምሌ አንድ ጠዋት ከሹፌሩ መቀመጫ ኋላ ምንጣፉ በውሃ ረጥቦ አገኘነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቅጠሉን አውጥተን፣ ቱቦዎቹን በቀጭን ገመድ ጠርገን ከጨረስን ወዲህ አልተመለሰም፤ በየወሩ መጥረግ ግን ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ ውሃው ከበሮቹ ሥር ባለው ክፍት ብረት ውስጥ ተጠራቅሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል፤ የዚህ ትውልድ ማዝዳ ዋና ሕመሙም ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦ ልቡ የተነሣ ሰው ዛሬ የት ያገኛታል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከባድ ታክስ አስከተለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የቀሩት ቀድመው የገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ የሚሸጡትም አንዳንዴ በሠርግ መኪና አከራዮች እጅ ነው የሚገኙት። ከእነዚህ አንዷን የሚያይ ሰው ቀለሟና ወንበሯ እንዳያታልሉት እለምነዋለሁ። የሠርግ መኪና ሆና የኖረች ብዙ ጊዜ ከላይ የተወለወለች፣ ከሥር ግን ማንም ያላያት ናት። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በሩን ከፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ከኋላ ጎማው በኩል በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ይዳስስ፤ ቀለሙ ካበጠ ወይም ብረቱ ከላላ ዋጋው ምንም ቢሆን ይተዋት። ጠንካራ ከሆነ ግን አንድ ጆግ ውሃ አስመጥቶ ከመቀመጫው ኋላ ባለው ጣሪያው ማረፊያ ጥግ ላይ ቀስ አድርጎ ያፍስስና፣ ውሃው ከመኪናዋ ሥር በሁለቱም ጎን መሬት ላይ እስኪወርድ ድረስ ቆሞ ይጠብቅ።